በሆቴልና መስተንግዶ ወይስ በጨርቃ ጨርቅ? የሁለተኛ ዲግሪ ማመልከቻና የገንዘብ ምንጭ አማራጮች ንጽጽር

ከካዛንቺስ እስከ መስቀል አደባባይ ባሉት ትልልቅ ሆቴሎች በፈረቃ የሚሠሩ የሆቴልና ቱሪዝም ምሩቃን፣ እንዲሁም በቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ የስፌት መስመር የሚቆጣጠሩ የጨርቃ ጨርቅና የጋርመንት ባለሙያዎች፣ ጥቂት ዓመታት ከሠሩ በኋላ አንድ ዓይነት ጥያቄ ያነሣሉ፤ ሁለተኛ ዲግሪ የት ልማር፣ ገንዘቡስ ከየት ይምጣ? ፍለጋው አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከዩኒቨርሲቲ ስም ነው። እኔ ግን ቅደም ተከተሉ መገልበጥ አለበት ብዬ አምናለሁ። እያንዳንዱ የነጻ ትምህርት ዕድል በዕድሜ፣ በሥራ ልምድ፣ ከምረቃ በኋላ ባለፉት ዓመታትና ከትምህርት በኋላ ባለው ዕቅድ ላይ የራሱ ቅድመ ሁኔታ ስላለው፣ አመልካቹ ዛሬ የትኛውን እንደሚያሟላ በመጀመሪያ ቢለይ የዩኒቨርሲቲው ምርጫ በብዙ ይጠብለታል፤ በስም የጀመረ ግን ወራት ከደከመ በኋላ ገንዘቡ ጋ ሲደርስ ይቆማል።

ሁለቱ መስኮች ገንዘብ የሚያገኙበት መንገድ አንድ አይደለም

የጨርቃ ጨርቅ ምህንድስና የላቦራቶሪ ትምህርት ነው። የፋይበር ጠባይ፣ ፈትል፣ ሽመና፣ ማቅለምና ማጠናቀቅ፣ ለሕክምናና ለግንባታ የሚውሉ ጨርቆች ሁሉ ምርምር ይፈልጋሉ፤ ምርምሩ ደግሞ በመንግሥትና በኢንዱስትሪ ገንዘብ ይደገፋል። ስለዚህ ፕሮፌሰሩ በእጁ ካለው የምርምር በጀት ለተማሪ ሊከፍል ይችላል። በአሜሪካ ሰሜን ካሮላይና ስቴት ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው የዊልሰን የጨርቃ ጨርቅ ኮሌጅ፣ በጀርመን የአኸንና የድሬስደን የቴክኒክ ዩኒቨርሲቲዎች፣ በቤልጂየም የጌንት ዩኒቨርሲቲ በዚህ ዓይነት ምርምር የታወቁ ናቸው። ለእነዚህ የሚያመለክት ሰው ከማመልከቻው በፊት የመምህራኑን የቅርብ ጊዜ ጽሑፎች አንብቦ፣ የመመረቂያ ሥራውን ከእነዚያ ጋር የሚያገናኝ አጭርና ግልጽ ኢሜይል ቢጽፍ ብዙ ይጠቅመዋል። ለሃምሳ መምህራን በአንድ ጊዜ የሚላክ ተመሳሳይ ደብዳቤ መልስ ሲያስገኝ አላየሁም።

በመስተንግዶ በኩል ያለው ሁኔታ ከዚህ ይለያል። ታዋቂዎቹ ትምህርት ቤቶች፣ ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ1893 የተመሠረተው የሎዛን የሆቴል ትምህርት ቤትና እ.ኤ.አ. በ1922 ሥራ የጀመረው የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የሆቴል አስተዳደር ትምህርት ቤት፣ ዋና ዓላማቸው ሥራ አስኪያጆችን ማዘጋጀት ነው፤ የማስተርስ ፕሮግራሞቻቸው አጭር፣ ተግባር ተኮርና ውድ ናቸው። ክፍያው በአብዛኛው የሚወጣው ከተማሪው ወይም ከአሠሪው ኪስ ነው። በመሆኑም የሆቴል ባለሙያ የተሻለ ዕድል የሚያገኘው በሁለት መንገድ ነው፤ አንደኛው የትምህርት መስክ ሳይገድቡ በመንግሥታት የሚሰጡትን ሙሉ ድጋፎች መፈለግ፣ ሁለተኛው ደግሞ ትምህርቱን ወደ ቱሪዝም ልማት፣ ወደ ቅርስና አካባቢ አስተዳደር ወይም ወደ ዘላቂ ቱሪዝም ማስጠጋት ነው። ለልማት ገንዘብ የሚመድቡ መንግሥታትና ተቋማት ከእንግዳ መቀበያ አስተዳደር ይልቅ ለቱሪዝም ልማት በቀላሉ እጃቸውን ይዘረጋሉ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጽ መናገር ያስፈልጋል። በአዲስ አበባ ሆቴሎች ከፈረቃ ኃላፊነት ወደ ክፍል ሥራ አስኪያጅነት የሚያሳድገው በአብዛኛው የሥራ ልምድ ነው እንጂ ማስተርስ አይደለም። ማስተርሱ የግድ የሚሆነው በዩኒቨርሲቲ ለማስተማር፣ በቱሪዝም ፖሊሲና ጥናት ለመሥራት ወይም ወደ ሆቴል ልማትና ኢንቨስትመንት ጥናት ለመሻገር ሲታሰብ ነው። ስለዚህ የሆቴል ባለሙያ ከማመልከቱ በፊት ዲግሪውን ለምን እንደሚፈልገው ለራሱ በሐቅ መመለስ አለበት፤ ግቡ ፍሮንት ኦፊስን (የእንግዳ መቀበያ ክፍልን) ወይም ምግብና መጠጥ ክፍልን መምራት ከሆነ አጭር ሙያዊ ሥልጠናና በሌላ ዓለም አቀፍ ሆቴል የሚገኝ ልምድ የበለጠ ያራምደዋል።

አዲስ አበባን ሳይለቁ መማር

የአገር ውስጥ አማራጭ ብዙ ጊዜ እንደ መጨረሻ መጠጊያ ይቆጠራል። ይህ ግምት ትክክል አይመስለኝም። በማታ ወይም በቅዳሜና እሑድ መርሐ ግብር የሚማር ሰው ደመወዙ አይቋረጥም፤ ለብዙ ቤተሰብ ደግሞ ያልተቋረጠ ደመወዝ ከማንኛውም ስኮላርሺፕ አይተናነስም። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቱሪዝም ልማትና አስተዳደር ማስተርስ አለ፤ ለሆቴል ሠራተኛ ከሥራ ቦታው እስከ ስድስት ኪሎ ያለው መንገድ በታክሲ የሚደረስበት ነው። ይሁንና የሆቴል ፈረቃ በየሳምንቱ ስለሚቀያየርና ቅዳሜና እሑድ በአዳራሽ ዝግጅትና በሠርግ ስለሚጨናነቅ፣ ከመመዝገብ በፊት ከክፍሉ ኃላፊ ጋር ስለ ፈረቃው በጽሑፍ መስማማት ይገባል። በቃል የተገባ ፈቃድ ኃላፊው ሲቀየር አብሮ ይሄዳል።

የጨርቃ ጨርቅ ሰው ሁኔታ ይከብዳል፤ ምክንያቱም የመስኩ ዋና የአገር ውስጥ ማዕከል ያለው በአዲስ አበባ ሳይሆን በባሕር ዳር ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 በተከፈተው የባሕር ዳር ፖሊ ቴክኒክ የተጀመረው የጨርቃ ጨርቅ ትምህርት ዛሬ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሥር በኢትዮጵያ የጨርቃ ጨርቅና ፋሽን ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት እስከ ሦስተኛ ዲግሪ ይሰጣል። በመስኩ ልዩ መሣሪያና መምህር የሚፈልግ ሰው ከዚያ የተሻለ የአገር ውስጥ ምርጫ የለውም፤ ነገር ግን ሥራ መልቀቅን፣ ቤት መከራየትንና የመንገዱን የጸጥታ ሁኔታ ማመዛዘንን ይጠይቃል። አዲስ አበባን መልቀቅ ለማይችል የጋርመንት መሐንዲስ ደግሞ ብዙም የማይታሰብ አማራጭ አለ፤ አምስት ኪሎ በሚገኘው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ካምፓስ የኢንዱስትሪያል ምህንድስና ማስተርስ እየተማሩ፣ የመመረቂያ ጥናቱን በራስ ፋብሪካ የምርት መስመር፣ በጥራት ቁጥጥር ወይም በጊዜና እንቅስቃሴ ጥናት ላይ መሥራት ይቻላል። በማቅለም ክፍል የሚሠራም እዚያው ባለው የኬሚካል ምህንድስና በኩል ስለ ቀለም ፍሳሽ አያያዝ ሊያጠና ይችላል። በዲግሪው ላይ «ጨርቃ ጨርቅ» የሚል ቃል ባይጻፍም ጥናቱ ለቀጣዩ ማመልከቻ ማስረጃ ይሆናል።

በአገር ውስጥ ለሚደረግ ማንኛውም የድኅረ ምረቃ ማመልከቻ በትምህርት ሚኒስቴር በኩል የሚሰጠውንና ጋት እየተባለ የሚጠራውን አገር አቀፍ የመግቢያ ፈተና ማለፍ ያስፈልጋል። ለዝግጅት ጸጥ ያለ ቦታና ኢንተርኔት ለሚፈልግ፣ አራት ኪሎ የሚገኘው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት በከተማው መካከል ላሉ አመልካቾች ትልቅ ጸጋ ነው።

ወደ ውጭ፦ የትኛው ድጋፍ ለማን ይስማማል?

ለሆቴል ባለሙያ ከሁሉ በፊት ሊታይ የሚገባው የብሪታንያ መንግሥት የቼቭኒንግ ስኮላርሺፕ ነው እላለሁ። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ መስክ አይገድብም፣ የአንድ ዓመት ማስተርስን ሙሉ ወጪ ይሸፍናል፣ የሚመዝነው ደግሞ የሆቴል ሰው በየቀኑ የሚያካብተውን ነው፤ ሰዎችን መምራትን፣ ግንኙነት መፍጠርንና ዕቅድን በተግባር ማሳየትን። የሁለት ዓመት የሥራ ልምድ ይጠይቃል፤ ይህም በሰዓት ሲሰላ 2,800 ሰዓት ነው። ስለሆነም ከአሠሪ የሚወሰደው የምስክር ወረቀት የሥራ መደቡንና ጊዜውን ብቻ ሳይሆን ሳምንታዊ የሥራ ሰዓቱንም ቢጠቅስ ይመረጣል። አመልካቹ ሦስት ኮርሶችን ይመርጣል፤ የሱሬይና የኦክስፎርድ ብሩክስ ዩኒቨርሲቲዎች በመስተንግዶ፣ ሊድስ ደግሞ በጨርቃ ጨርቅ የቆየ ስም አላቸው። ትምህርቱን ሲጨርሱ ወደ አገር ተመልሶ ሁለት ዓመት መቆየት ግዴታ ነው። ይህን ግዴታ እንደ ሸክም ለሚያየው ሰው ሌላ ድጋፍ መፈለግ ይሻለዋል፤ አዲስ አበባ ውስጥ ለመሥራት ለሚያስብ ግን ምንም አያጎድልበትም።

የቼቭኒንግ ጽሑፎች ላይ ብዙ ጥሩ አመልካቾች የሚወድቁበት ምክንያት ያሳዝነኛል። ለዓመታት የመቀበያ ክፍልን ያስተዳደረ ሰው «የመሪነት ልምድ የለኝም» ብሎ ስለ ትምህርት ቤት ክበብ ይጽፋል። ይልቁንም የቁርስ ቡፌ ብክነትን ለመቀነስ ከወጥ ቤትና ከግዥ ክፍል ጋር ምን እንዳደረገ፣ በትልቅ ጉባኤ ወቅት ሙሉ በሙሉ የተያዘን ሆቴል እንዴት እንዳስተናገደ፣ አዲስ ሠራተኞችን እንዴት እንዳሠለጠነ፣ ከመጀመሪያው ሁኔታ እስከ ውጤቱ ድረስ ቢጽፍ አንባቢው መሪ መሆኑን ከሥራው ይረዳል። የጋርመንት ተቆጣጣሪም እንዲሁ ነው፤ የተበላሸ ስፌት መጠን እንዲቀንስ ያደረገበት አሠራር፣ ከነቁጥሩ፣ ከማንኛውም የተዋበ ዐረፍተ ነገር ይበልጣል።

ለጨርቃ ጨርቅ ሰው ደግሞ እኔ የማስቀድመው የአውሮፓ ኅብረትን ኤራስመስ ሙንዱስ ነው። ተማሪው ቢያንስ በሁለት አገሮች የሚማርበት የጋራ ማስተርስ ሲሆን፣ ስኮላርሺፑን ያገኘ ሰው የትምህርት ክፍያ አይከፍልም፤ በተጨማሪም እስከ 24 ወር ድረስ በወር 1,400 ዩሮ ይከፈለዋል። ከዚህ ገንዘብ ላይ ግን የአውሮፕላን ቲኬትን፣ ቪዛን፣ ቤትን ሁሉ የሚሸፍነው ራሱ ተማሪው ነው፤ ስለዚህ የመጀመሪያው ክፍያ እስኪገባ ድረስ ለትኬትና ለቪዛ የሚሆን ብር ቀድሞ መቆጠብ ያስፈልጋል። በጌንት ዩኒቨርሲቲ አስተባባሪነት የሚሰጠው ዓለም አቀፍ የጨርቃ ጨርቅ ምህንድስና ማስተርስ በዚህ ማዕቀፍ የታወቀ ነው፤ በቱሪዝም በኩል የደቡብ ዴንማርክ፣ የልዩብልያናና የጂሮና ዩኒቨርሲቲዎች በጋራ የሚሰጡት የቱሪዝም አስተዳደር ማስተርስ አለ። ሁለቱም ስኮላርሺፕ መስጠታቸው በኅብረቱ ድጋፍ መታደስ ላይ ስለሚወሰን፣ በየዓመቱ የፕሮግራሙን ድረ ገጽ መመልከት ይገባል። ከቼቭኒንግ ጋር ሲነጻጸር ኤራስመስ የትምህርት ውጤትንና የመስኩን ተዛማጅነት አብልጦ ይመለከታል፤ ውጤቱ ከፍ ያለ፣ የሥራ ዘመኑ አጭር የሆነ ምሩቅ የተሻለ ተስፋ ያለው እዚህ ነው።

የቻይና መንግሥት ስኮላርሺፕ ለጨርቃ ጨርቅ ሰፊ መንገድ ነው። በሻንግሃይ የሚገኘው ዶንግሁዋ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1951 ተመሥርቶ ለረጅም ጊዜ የቻይና የጨርቃ ጨርቅ ዩኒቨርሲቲ ይባል የነበረ ነው፤ የዉሃን የጨርቃ ጨርቅ ዩኒቨርሲቲም እንዲሁ በመስኩ የቆመ ነው። ድጋፉ የትምህርት ክፍያንና መኝታን ይሸፍናል፤ ለማስተርስ ተማሪ በወር 3,000 ዩዋን፣ ለዶክትሬት 3,500 ዩዋን ይከፈላል። የዕድሜ ገደቡ ለማስተርስ ከ35 ዓመት በታች፣ ለዶክትሬት ከ40 ዓመት በታች ነው። በኤምባሲ በኩል ወይም በቀጥታ በዩኒቨርሲቲው በኩል ማመልከት ይቻላል፤ በሁለቱም መንገድ የአንድ መምህር የቅበላ ደብዳቤ መያዝ ትልቅ ብልጫ ይሰጣል። እዚህ ዋናው ሰነድ የጥናት ዕቅዱ ነው። ጥንቃቄ የሚሻው ነገር የማስተማሪያ ቋንቋው ነው፤ ፕሮግራሙ በቻይንኛ ከሆነ የቋንቋ መሰናዶ ዓመት ይጨመርበታል። በማሽኖቹ ቅርበትና በአምራቾች ብዛት የተነሣ፣ ወደ ፋብሪካ ለመመለስ ለሚያስብ መሐንዲስ ቻይና ከአውሮፓ የማታንስ፣ አንዳንዴም የምትሻል ይመስለኛል።

የቱርክ መንግሥት ስኮላርሺፕም የአንድ ዓመት የቋንቋ ትምህርት ይጨምራል፤ ለማስተርስ ዕድሜ ከ30 በታች መሆን ይጠይቃል፤ የኤጌና የኢስታንቡል ቴክኒክ ዩኒቨርሲቲዎች ጠንካራ የጨርቃ ጨርቅ ክፍሎች አሏቸው። ስቲፔንዲየም ሀንጋሪኩም የተባለው የሀንጋሪ መንግሥት ስኮላርሺፕ የትምህርት ክፍያውን ይሸፍናል፤ ወርኃዊ አበሉ ግን 43,700 ፎሪንት ብቻ ስለሆነ ቡዳፔስት ላይ ያለ ተጨማሪ ገንዘብ መኖር እንደማይቻል አውቆ መግባት ያስፈልጋል።

ጀርመን ሁለት ገጽታ አላት። በጀርመን የአካዳሚ ልውውጥ አገልግሎት በኩል ለታዳጊ አገሮች ባለሙያዎች የሚሰጠው ድጋፍ ቢያንስ ሁለት ዓመት ተዛማጅ የሥራ ልምድ ይፈልጋል፤ የመጨረሻው ዲግሪም ከስድስት ዓመት በላይ ያለፈው መሆን የለበትም። ይህ ሁለተኛው ነጥብ ብዙዎችን ሳያስቡት የሚያስቀር ነው፤ በ2010 ዓ.ም. ተመርቆ ልምድ ሲያካብት የቆየ ሰው ጊዜው አልፎበታል። ድጋፉም በየዓመቱ በሚታተመው ዝርዝር ውስጥ ላሉ ኮርሶች ብቻ ነው። ሁለተኛው ገጽታ በራስ ወጪ መማር ነው፤ በአብዛኞቹ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የትምህርት ክፍያ የለም፤ ለምሳሌ በሜንሽንግላድባኽ ባለው የኒደርራይን ዩኒቨርሲቲ የጨርቃ ጨርቅና አልባሳት ክፍል። በባደን ቩርተምበርግ ክልል ግን ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የመጣ ተማሪ በሴሚስተር 1,500 ዩሮ ይከፍላል፤ በጨርቃ ጨርቅ ስመ ጥር የሆነው የሮይትሊንገን ዩኒቨርሲቲ ያለው እዚያ ነው። ክፍያ ባይኖርም ለቪዛ የአንድ ዓመት መኖሪያ ወጪን በየወሩ የተወሰነ ብቻ በሚወጣበት የተዘጋ የባንክ ሒሳብ ማስቀመጥ ግድ ነው፤ ይህም እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2024 ጀምሮ 11,904 ዩሮ ሆኗል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ በ57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር ስላለፈ፣ ቀድሞ በቤተሰብ ርዳታ ይሞላ የነበረው ይህ ገንዘብ ዛሬ ለአብዛኛው ደመወዝተኛ የማይደረስበት ሆኗል።

በዚሁ ምክንያት በከፊል ስኮላርሺፕ ላይ ጥብቅ አቋም አለኝ። አንድ የግል የሆቴል ትምህርት ቤት የክፍያውን ሠላሳ ወይም ሃምሳ በመቶ ቢቀንስ፣ ቀሪው ክፍያ፣ የመኖሪያ ወጪውና የቪዛ ማስያዣው በብር ተሰልተው በወረቀት ላይ ሳይቀመጡ መቀበል አይገባም። ለቼቭኒንግና ለቱርክ ስኮላርሺፕ ለማመልከት ምንም ክፍያ የለም፤ «በእኛ በኩል ካለፈ ይሳካል» ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ ኤጀንት የሚሸጠው አንዳች ነገር የለውም።

በጨርቃ ጨርቅ የጥናት ርዕስ ሲመረጥ የአገሪቱን ገበያ ማየትም ይጠቅማል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከጥር 2022 ጀምሮ ከአሜሪካ የአጎዋ የቀረጥ ነጻ ዕድል ስትወጣ በጅምላ ስፌት ላይ የተመሠረተው ሥራ ተመትቷል። ስለዚህ ከተራ ስፌት ይልቅ በጥጥ ጥራት፣ በማቅለም፣ በቴክኒካዊ ጨርቆች ወይም የሽሮ ሜዳን የመሰለ የእጅ ሽመና ምርትን ደረጃ በማስያዝ ላይ የሚያተኩር ጥናት ሲመለሱ የተሻለ የሥራ ዕድል ያለው ይመስለኛል።

ሰነድና ጊዜ

ከሁሉ ቀድሞ መጀመር ያለበት የዲግሪና የትራንስክሪፕት ጉዳይ ነው። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የተማረ ሰው ኦሪጅናል ዲግሪውን ለመውሰድ የወጪ መጋራት ግዴታውን መጨረሱን የሚያሳይ ደብዳቤ ይጠየቃል፤ ይህ ደግሞ አሠሪን፣ ግብር ሰብሳቢውን መሥሪያ ቤትና ሬጅስትራሩን ስለሚያመላልስ ሳምንታት ይወስዳል። በመስከረም ሬጅስትራሮች በአዲስ ምዝገባ ስለሚጨናነቁ በሰኔ ወይም በሐምሌ መጨረስ ይሻላል። የአመልካቹ ስም በፓስፖርት፣ በዲግሪና አይኤልቲኤስ በተባለው የእንግሊዝኛ ቋንቋ ፈተና ውጤት ላይ ፊደል በፊደል አንድ መሆን አለበት፤ ልዩነት ካለ ከማመልከቻው በፊት ይታረም። የአይኤልቲኤስ ውጤት የሚያገለግለው ለሁለት ዓመት ነው፤ በእንግሊዝኛ መማርን የሚያረጋግጥ የዩኒቨርሲቲ ደብዳቤ የሚቀበሉ ፕሮግራሞች ስላሉ ለፈተናው ከመክፈል በፊት መጠየቅ ገንዘብ ያድናል።

የማመልከቻዎቹ ወቅት ከዘመን መለወጫችን ጋር ይገጣጠማል። ቼቭኒንግ በሐምሌ መጨረሻ ገደማ ተከፍቶ በመስከረም መጨረሻ ወይም በጥቅምት ይዘጋል፤ ኤራስመስ ሙንዱስ በአብዛኛው ከጥቅምት እስከ ጥር ድረስ ነው፤ የቻይናው ከኅዳር እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ፣ የቱርኩ በጥርና በየካቲት ይካሄዳል። ስለዚህ አንድ ሰው በአንድ ዓመት ውስጥ አራቱን ተከታትሎ ማመልከት ይችላል። የመዝጊያ ሰዓቱ ግን በእኛ አቆጣጠር መሰላት አለበት፤ ቼቭኒንግ በዓለም አቀፍ ሰዓት እኩለ ቀን ላይ ሲዘጋ አዲስ አበባ ላይ ከቀኑ 9 ሰዓት ነው፤ በክረምታቸው ወራት በመካከለኛው አውሮፓ እኩለ ሌሊት የሚዘጋ ማመልከቻ ደግሞ እዚህ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ይዘጋል፤ መብራትና ኢንተርኔት በዚያ ሰዓት ሊቋረጡ ስለሚችሉ ቢያንስ ሁለት ቀን ቀድሞ መላክ ይገባል።